ስም እንምረጥ ወይስ ሥራ?
ለባዮፊዚክስና ለአንጎል ጥናት ወደ ውጭ አገር ለሚያመለክቱ ጓደኞቻችን

ከአንድ የሳይንስ ተማሪ

በየዓመቱ መስከረም ጠብቶ የመጨረሻው ዓመት ተማሪ ስለ ወደፊት ኑሮው ማሰብ ሲጀምር፣ በግቢያችን ውስጥ አንድ ጥያቄ ከአፍ ወደ አፍ ይዘዋወራል። ጥያቄውም «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?» የሚል ነው። ወዲያው ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ የደረጃ ሰንጠረዥ ብቅ ይላል፤ ከላይ ያሉት ዐሥር ስሞች ይቀዳሉ፤ ማመልከቻውም ለእነዚያው ለዐሥሩ ይላካል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የዕድል ነገር ተደርጎ ይቆጠራል።

ይህ ጽሑፍ የሚቃወመው ይህን ልማድ ነው። ልማዱ ለማንኛውም ተማሪ የማይበጅ ቢሆንም፣ ይልቁንም የሚጎዳው ባዮፊዚክስንና ኒውሮሳይንስን፣ ማለት የአንጎልንና የነርቭን ምርምር፣ ለመከታተል የሚያስበውን ነው። የሚያርስበት በሬ ፈልጎ ገበያ የወጣ ሰው፣ የቱንም ያህል ያማረች በቅሎ ቢያይ ገዝቶ አይመለስም። «የትኛው ይሻላል?» ከማለቱ በፊት «ለምን ይሆነኛል?» ብሎ ይጠይቃልና። እኛ ግን አምስትና ስድስት የወጣትነት ዓመት የሚያስከፍለንን ነገር ስንሸምት ይህን ጥያቄ እንዘልለዋለን።

ይህ የትምህርት ዘርፍ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። የራሱ የሆነ አንድ የታወቀ ቤት የለውም። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ባዮፊዚክስ ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ነው። በሃርቫርድ ከልዩ ልዩ ክፍሎች መምህራንን አሰባስቦ የያዘ ፕሮግራም ነው። በሌላው ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ክፍል ውስጥ፣ በሌላው በሕክምና ትምህርት ቤት፣ በሌላው ደግሞ በምህንድስና ሥር ተጠግቶ ይገኛል። ስለዚህ «በፊዚክስ አንደኛ» ወይም «በባዮሎጂ ሦስተኛ» የሚለው ሰንጠረዥ ስለዚህ ሥራ የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው። በሰንጠረዡ ላይ ዐርባኛ የሆነው ዩኒቨርሲቲ እኛ ለምንፈልገው አንድ ጥያቄ በዓለም ከሚጠሩት ከሦስቱና ከአራቱ አንዱ ሊሆን ይችላል።

የዘርፉ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ነርቭ መልእክትን በኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያስተላልፍ የገለጡት እንግሊዛውያኑ አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ የካምብሪጅ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ዋናውን ሙከራ ያደረጉት በካምብሪጅ አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን በባሕር ዳር በምትገኘው በፕሊመዝ ከተማ፣ በባሕር እንስሳት ጥናት ጣቢያ ነው። ምክንያቱም ስኩዊድ የሚባለው የባሕር እንስሳ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ሊደርስ የሚችል ነርቭ ስላለው፣ በውስጡ ቀጭን ሽቦ ማስገባት ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 የጀመሩት ሥራ በጦርነቱ ምክንያት ተቋርጦ ቆየ፤ በ1952 ግን ውጤቱን በተከታታይ ጽሑፎች አወጡ። በዚያን ጊዜ የካምብሪጅ ኮምፒዩተር ለወራት ሥራ አቁሞ ስለ ነበር፣ ሃክስሊ አራቱን የዲፈረንሺያል እኩሌታዎች በእጅ በሚዞር የሒሳብ መኪና እየጠመዘዘ አስልቶ ጨረሳቸው። የኖቤል ሽልማትም በ1963 ከጆን ኤክልስ ጋር ተካፈሉ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከጀርመን አገር ነው። ኤርቪን ኔኸር የፊዚክስ ተማሪ ነበር። በርት ሳክማን ደግሞ ሐኪም ነበር። ኔኸር ወደ አሜሪካ ሄዶ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በባዮፊዚክስ የማስተርስ ዲግሪ ተቀብሎ ከተመለሰ በኋላ፣ ሁለቱ በጌቲንገን ከተማ በማክስ ፕላንክ ተቋም አብረው ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1976 በሕዋስ ሽፋን ላይ ባለች በአንዲት የአዮን መተላለፊያ ውስጥ የሚያልፈውን እጅግ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ለክተው አሳዩ። ለዚህም በ1991 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ለእኛ የሚጠቅመው ነገር ሽልማቱ አይደለም፤ አንድ ፊዚክስ የተማረና አንድ ሕክምና የተማረ ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ የቻሉበት ቤት መገኘቱ ነው።

ሦስተኛው ሮድሪክ ማኪነን ነው። እርሱ ሐኪም ሆኖ ከሠለጠነ በኋላ በሃርቫርድ የሚያስተምር መምህር ነበር። የፖታሲየም መተላለፊያን ቅርጽ በዓይን ለማየት የኤክስሬይ ክሪስታሎግራፊ ጥበብ እንደሚያስፈልገው በተረዳ ጊዜ፣ በ1996 ሃርቫርድን ትቶ በኒው ዮርክ ወደሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ቅርጹን በ1998 አሳተመ፤ በ2003 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። እስቲ ከመካከላችን ስንቱ ነው፣ ሃርቫርድን ትቶ ሮክፌለር የገባን ሰው ሲያይ «ይኼ ሰው አበደ እንዴ?» የማይለው? ስሙን ሰምቶት የማያውቅ ብዙ ነውና።

ከሦስቱም ታሪክ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። በመጀመሪያ ጥያቄው መጣ፤ ቦታው የተመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። እኛም እንዲሁ ማድረግ ይገባናል። ታዲያ በምን እንምረጥ? በእኔ አስተያየት ሚዛን ላይ የሚቀመጡት ነገሮች አራት ናቸው።

1ኛ፣ ጥያቄውና የሥራው ዘዴ። «አንጎልን ማጥናት እፈልጋለሁ» ማለት «ወደ ጠቅላይ ግዛት እሄዳለሁ» እንደ ማለት ነው፤ ወዴት እንደሆነ አልተነገረም። አንዱ የአንዲትን ፕሮቲን ቅርጽ ያጠናል፤ ሌላው የአንድን ነርቭ ኤሌክትሪክ ይለካል፤ ሌላው የብዙ ሺህ ነርቮችን ግንኙነት በሒሳብ ይመረምራል። እ.ኤ.አ. በ1982 ፊዚሲስቱ ጆን ሆፕፊልድ ትዝታ በነርቮች መረብ ውስጥ እንዴት ሊቀመጥ እንደሚችል በሒሳብ ያሳየበትን ሥራ ያቀረበው ኤሌክትሮድ ሳይነካ ነው፤ በ2024 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ከጄፍሪ ሂንተን ጋር ተቀበለበት። ስለዚህ ማመልከቻ ከመጻፋችን በፊት በዘርፉ ከወጡት ጽሑፎች ሃያውን ብናነብ፣ ከሃያው ውስጥም እንቅልፍ የነሱንን ሦስቱን ብንለይ፣ የእነዚያ ሦስት ጽሑፎች ደራሲዎች የሚያስተምሩበት ቦታ የማመልከቻችን ዝርዝር ይሆናል። ይህ ዝርዝር ከደረጃው ሰንጠረዥ ጋር ቢገጥም መልካም፤ ባይገጥም ግን የምንከተለው ይህኛውን ይሁን።

የፊዚክስ ተማሪ የሆነ ጓደኛችን ስለ ሕዋስ አንድ ኮርስ እንኳ ሳይወስድ እንዳይሄድ እመክረዋለሁ። የባዮሎጂ ወይም የሕክምና ተማሪ የሆነውም ከዲፈረንሺያል እኩሌታና ከሊኒየር አልጀብራ መሸሹን ይተው። የሆጅኪንና የሃክስሊን አራት እኩሌታዎች መፍራት የለመደ ሰው በዚህ ዘርፍ ሩቅ አይሄድም።

2ኛ፣ መምህሩ። የዶክትሬት ተማሪ የሚኖረው በዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይደለም፤ በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በአንድ መምህር ሥር ነው። ዩኒቨርሲቲው ስመ ጥር ሆኖ መምህሩ ተማሪውን በወር አንድ ቀን እንኳ የማያነጋግረው ከሆነ፣ ስሙ ለተማሪው ምን ይፈይድለታል? በአሜሪካ አብዛኞቹ የዚህ ዘርፍ ፕሮግራሞች በመጀመሪያው ዓመት ተማሪውን በሁለትና በሦስት ቤተ ሙከራዎች እያዘዋወሩ ካሠሩት በኋላ ነው አማካሪ መምህሩን እንዲመርጥ የሚያደርጉት። በአውሮፓ ግን ብዙውን ጊዜ ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድ መምህር ዘንድ ይቀጠራል። የመጀመሪያው አካሄድ ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ተሳስቶ ለመታረም ዕድል ይሰጣል። ሁለተኛው በሦስትና በአራት ዓመት ያስጨርሳል፤ ነገር ግን ከመሄድ በፊት አጥብቆ መጠየቅን ይሻል።

የሚጠየቀውም መምህሩ ራሱ ብቻ መሆን የለበትም። በእርሱ ዘንድ ያሉትንና የነበሩትን ተማሪዎች በደብዳቤ እንጠይቅ። ስንት ዓመት ፈጀባቸው? ጀምረው ያቋረጡ አሉን? ለምን አቋረጡ? ረቂቅ ሲሰጡት በስንት ሳምንት አንብቦ ይመልሳል? ተማሪው የሠራው ጽሑፍ ሲታተም የማን ስም ይቀድማል? የተመረቁት ዛሬ የት ናቸው? እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ ድፍረት የሚመስለው ተማሪ እንዳለ አውቃለሁ። በአገራችን ልማድ መምህርን መመርመር ነውር ነው። በዚያ ግን ጠይቆ መሄድ የብልኅ ምልክት ተደርጎ ይታያል፤ ደግሞም መልስ ለመስጠት የሚያቅማማ ቤት በማቅማማቱ መልሱን ሰጥቷል።

ስሙ የገነነ መምህር ዐርባ ሰው ያስተዳድራል፤ በስብሰባና በጉዞም ጊዜው ያልቃል። ገና የተቀጠረ ወጣት መምህር አምስት ተማሪ ይዞ ከእነርሱ ጋር ቀን ከሌት ይሠራል፤ ነገር ግን የምርምር ገንዘቡና የራሱም ቦታ ገና አልጸናም። ከሁለቱ ማን እንደሚሻል አንድ ሕግ የለም። ምርጫው ግን ዓይንን ከፍቶ መሆን አለበት።

3ኛ፣ ገንዘቡ። ስለ ገንዘብ ማንሳት ለዕውቀት ፍቅር የማይስማማ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖራል። የድኻ አገር ልጅ ግን ይህን ትዕቢት ሊሸከም አይችልም። በአሜሪካ በዚህ ዘርፍ የዶክትሬት ተማሪ የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖለት የኑሮ መደጎሚያም ይሰጠዋል፤ ይህ የተለመደ ነው። ነገር ግን የገንዘቡ ምንጭ ይለያያል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሚሰጡት የሥልጠና ድጎማ ለአገሪቱ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ብቻ የተወሰነ ነው። ስለዚህ «ለተማሪዎቻችን ሁሉ ድጎማ አለን» የሚል ማስታወቂያ ሲነበብ፣ «ለውጭ አገር ተማሪስ? ለስንት ዓመት? መምህሬ ገንዘቡ ቢያልቅበት ማን ይከፍለኛል?» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ መቀበል ይገባል።

ይህ ባዶ ሥጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ መንግሥት ለምርምር የሚሰጠው ገንዘብ በተናጋ ጊዜ፣ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉትን የዶክትሬት ተማሪ ቁጥር ቀነሱ። በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የቻን ሕክምና ትምህርት ቤት የተሰጠ ቅበላ እስከ መሰረዝ ተደርሷል። ከዚህ የምንማረው እንቁላላችንን ሁሉ በአንድ አገር ቅርጫት እንዳናኖር ነው። ደግሞም ቅበላ ያገኘ ጓደኛችን ተጣድፎ አይፈርም። በብዙዎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስምምነት መሠረት፣ ድጎማ ያለበትን ቅበላ ከኤፕሪል 15፣ በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 7 ቀን በፊት እንዲቀበል አይገደድም። እስከዚያ ድረስ ሁሉንም በእጁ ይዞ ማመዛዘን መብቱ ነው።

ሌሎች በሮችም አሉ። በጌቲንገን የማክስ ፕላንክና የዩኒቨርሲቲው የኒውሮሳይንስ ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ያስተምራል፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውንም ተማሪ ይቀበላል። በኢጣልያ በትሪየስቴ ከተማ፣ ፓኪስታናዊው ሊቅ አብዱስ ሳላም እ.ኤ.አ. በ1964 ያቋቋመው ዓለም አቀፍ የቴዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል ይገኛል። ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች ወጪያቸውን ችሎ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ይሰጣል፤ ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱም ሕይወትን በሒሳብ የሚያጠናው ክፍል ነው። በዚያችው ከተማ ሲሳ የሚባለው የምርምር ትምህርት ቤት ፊዚክስን፣ ሒሳብንና ኒውሮሳይንስን በአንድ ጣሪያ ሥር ያስተምራል። በጃፓን የኦኪናዋ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም የትምህርት ክፍል የሚባል አጥር የለውም፤ ተማሪውንም በድጎማ ይቀበላል። በአህጉራችን የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የኒውሮሳይንስ ተቋም አለው። ከእነዚህ ውስጥ በግቢያችን በየቀኑ የሚነሳው የትኛው ነው? ምናልባት አንዱም አይደለም።

4ኛ፣ ይዘን የምንመለሰው። ይህን ሚዛን ከሁሉ ይልቅ እንዘነጋዋለን፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። አንድ ጓደኛችን ስድስት ዓመት ሙሉ የተማረው ጥበብ ሚሊዮኖች ዶላር በሚያወጣ፣ የማይቋረጥ መብራትና ፈሳሽ ናይትሮጂን በሚፈልግ ማይክሮስኮፕ ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ሲመለስ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ወይም አይመለስም። ብዙ ጊዜ «አገሩን ረሳ» ብለን የምንወቅሰው ሰው፣ እንደ እውነቱ ከሆነ፣ አገሩ ሊያሠራው የማይችለውን ሙያ የመረጠው ገና ሲሄድ ነው።

ይህን ስል ትልቁን መሣሪያ ማንም አይንካ ማለቴ አይደለም። ከትልቁ መሣሪያ ጎን ለጎን ተሸክመነው የምንመጣውን ጥበብ እንያዝ ማለቴ ነው። ሃክስሊ ለሳምንታት በእጁ የጠመዘዘውን ስሌት ዛሬ ማንኛውም ላፕቶፕ በቅጽበት ይሠራዋል። ኒውሮን የሚባለው የነርቭ ስሌት ፕሮግራም ያለ ዋጋ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው የፍሬ ዝንብ አንጎል ሙሉ ካርታ ወደ 139 ሺህ የሚደርሱ ነርቮችን ከነግንኙነታቸው ይዟል፤ ለሕዝብም ክፍት ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ ሊመረመር ይችላል። ትሬንድ ኢን አፍሪካ የተባለው ማኅበርም በኡጋንዳና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ርካሽ መሣሪያና ፍሬ ዝንብ ይዞ እውነተኛ የነርቭ ምርምር ማስተማር እንደሚቻል አሳይቷል።

ጥያቄውም በአገራችን ሞልቷል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ አድርገውት እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ከአንድ ሺህ ሰው መካከል 5.2 የሚሆነው የሚጥል በሽታ እንዳለበት አረጋግጠዋል። ከዚህ በሽታ ዓይነቶች አንዳንዶቹ፣ እነሆጅኪን በስኩዊድ ነርቭ ላይ ባጠኑት በሶዲየም መተላለፊያ ላይ ከሚደርስ የዘር ጉድለት የሚመነጩ መሆናቸው ዛሬ ታውቋል። እንግዲህ የፕሊመዙ ባሕርና የቡታጅራው ገበሬ በአንድ ሳይንስ የተገናኙ ናቸው። ይህን ሳይንስ ለመማር የሚሄድ ሰው የሚጠይቀው ቤት ካጣ፣ ያጣው ጥያቄ አይደለም፤ የፈለገበትን ቦታ ነው የሳተው።

አሁን ተቃራኒውን አሳብ እንስማ። «ስም እኮ በር ይከፍታል፤ ከትልቅ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው ማመልከቻው ይነበባል፤ የሌላው ግን ወረቀት መጣያ ይገባል» የሚሉ አሉ። ይህ ሐሰት አይደለም። ትልቅ ስም ያለው ቤት ብዙ ጊዜ ብዙ ገንዘብ፣ ብዙ ጎብኚ ሊቃውንት፣ ብዙ መሣሪያም አለው። ሁለት ቦታ በአራቱ ሚዛን እኩል ከሆኑ ስሙ የገነነውን መምረጥ ተገቢ ነው፤ ይህን አልቃወምም። ነገር ግን ስም የመጨረሻው ሚዛን ይሁን እንጂ የመጀመሪያው አይሁን። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ሰው በሥራው ስለሚያተርፈው ስም ነው፤ ከትምህርት ቤት በር ላይ ተውሶ ስለሚመጣው ስም አይደለም።

ሸክሙን ሁሉ በተማሪው ላይ መጣል ደግሞ ፍትሕ አይደለም። ስለዚህ ለመምህሮቻችንና ለማኅበራችን ሦስት አሳብ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ለመምህሮቻችን ነው፤ እንደ ወቀሳ እንዳይቆጠርብኝ በትሕትና እለምናለሁ። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ ብዙዎቹ የአሜሪካ ቀነ ገደቦችም ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ይውላሉ። «ጠባየ መልካም፣ ሰዓት አክባሪ፣ ታታሪ ተማሪ ነው» የሚል ደብዳቤ ተማሪውን አይረዳውም። ተማሪው ምን እንደሠራ፣ ምን ጥያቄ እንዳነሳ፣ የት ላይ ተሰናክሎ እንዴት እንደተነሳ የሚናገር ግማሽ ገጽ ከሙገሳው ሁሉ ይበልጣል። እኛም በበኩላችን ሳምንት ሲቀረው ደጃቸው ላይ መቆም ትተን፣ ከሁለት ወር በፊት የሥራችንን ዝርዝር ይዘን እንሂድ።

ሁለተኛው፣ የአራት ኪሎ የፊዚክስና የሒሳብ ተማሪዎች ከጥቁር አንበሳ የሕክምና ተማሪዎች ጋር በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ተገናኝተው አንድ የምርምር ጽሑፍ የሚያነቡበት ጉባኤ ይቋቋም። በሁለቱ ግቢዎች መካከል ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ዓመታት የፈጀው አለመነጋገሩ ነው። ኔኸርንና ሳክማንን ያገናኛቸው አንድ ቤት ነበር፤ እኛም አንድ ክፍልና አንድ ጥቁር ሰሌዳ አናጣም።

ሦስተኛው፣ ማኅበራችን አንድ መዝገብ ያዘጋጅ። ወደ ውጭ ሄደው የሚማሩ ወንድሞችና እኅቶቻችን የፕሮግራማቸውን ጠባይ፣ የድጎማውን ሁኔታ፣ ለማመልከቻ ክፍያ ምሕረት እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ቢያውቁት ኖሮ ይጠቅማቸው የነበረውን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፈው ይላኩ። መዝገቡም ከተማሪ ወደ ተማሪ የሚተላለፍ ይሁን። ዛሬ እያንዳንዱ ተማሪ ከዜሮ ይጀምራል፤ አጎት ወይም ታላቅ ወንድም ውጭ አገር ያለው ብቻ ያውቃል፤ ከገጠር የመጣው ይቀራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች! በዚህ ዓመት ማመልከቻ የምትጽፉ ሁሉ፣ የደረጃውን ሰንጠረዥ ለጥቂት ሳምንት አጥፋችሁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት። በምትኩ አንድ ነጭ ወረቀት አውጡና ከላይ የምትጠይቁትን ጥያቄ፣ ከሥሩ ጥያቄውን የሚሠሩትን ሰዎች ስም፣ ከዚያም የገንዘቡን ነገር፣ በመጨረሻም ስትመለሱ የምትይዙትን ጻፉ። ወረቀቱ ሞልቶ ሲያበቃ የምትሄዱበትን ቦታ ስም ትሰሙት ዘንድ ማንንም መጠየቅ አያስፈልጋችሁም።